አረንጓዴ ትውከት፣ የዘገየ ሰገራ፦ አብሮ የተወለደ የአንጀት ችግርን በጨቅላ ሕፃን ላይ ደረጃ በደረጃ መለየት

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለምትሠሩ አዋላጆች፣ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነው። የሕፃናት ቀዶ ሐኪም አጠገባችሁ የለም፤ ኤክስሬዩ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። እንዲህም ሆኖ፣ ከሕፃኑ ጋር አብረው የሚወለዱ የምግብ ቧንቧና የአንጀት ችግሮች መጀመሪያ የሚጠረጠሩት በትልቅ ማሽን አይደለም። የትውከቱን ቀለም በማየት፣ ቀዳዳዎቹን በመቁጠር፣ አንዲት የጨጓራ ቱቦ በማስገባትና ሰዓት በመመዝገብ ነው። አራቱም በእጃችሁ አሉ።

የሚያመልጡን እያንዳንዳቸው ብርቅ ስለሆኑ ነው። የምግብ ቧንቧ መቋረጥ በግምት ከ2500 እስከ 4500 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል። የፊንጢጣ አለመከፈትና ሂርሽፕሩንግ የሚባለው ነርቭ አልባ አንጀት እያንዳንዳቸው ከ5000 አንድ ገደማ ናቸው፤ የዱዎዲነም (ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው የትንሽ አንጀት መጀመሪያ) መዘጋት ደግሞ ከ5000 እስከ 10,000 አንድ። አንዲት አዋላጅ ብዙ ዓመት ሠርታ አንዳቸውንም ሳታይ ልትቆይ ትችላለች። የመጣ ቀን ግን ለማንበብ ጊዜ አይሰጥም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የእኛ ሥራ የችግሩን ሙሉ ስም ማግኘት አይደለም። መንገዱ ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም? የተዘጋው ከላይ ነው ወይስ ከታች? ስንት ሰዓት አለን? እነዚህን ሦስቱን ከመለስን ስሙን የሚቀበለው ሆስፒታል ያወጣለታል።

ደረጃ 1፦ የእናትየውን ካርድ አንብቡ

ፅንስ እንሽርት ውሃውን ይውጣል፣ አንጀቱም ይመጠዋል። መንገዱ ከላይ በኩል ከተዘጋ ውሃው መሄጃ አጥቶ ይጠራቀማል። የክትትል ካርዱ ላይ ውሃው እንደበዛ የሚገልጽ የአልትራሳውንድ ውጤት ካለ፣ ወይም ሽርቱ ሲፈስ አልጋውን ካጥለቀለቀ፣ ሕፃኑ ጡት ሳይዝ በፊት ደረጃ 3ን ሥሩ። መዘጋቱ ወደ ታች፣ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ግን ውሃው ብዙም አይጨምርም። ስለዚህ የውሃው መጠን ልክ መሆኑ አያዘናጋችሁ። እናትየዋ የስኳር ሕመም እንዳለባት፣ ከዚህ በፊት ሆዱ ተነፍቶ ያረፈባት ልጅ እንደነበረም ጠይቁና ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ልብሱን አውልቃችሁ እዩ

አፉን ተመልከቱ። ምራቁ አረፋ እየሠራ የሚዝረከረክ፣ ጠርጋችሁት ወዲያው የሚሞላ ሕፃን ምራቁን እየዋጠ አይደለም። ሆዱን ተመልከቱ፤ የተነፋ ነው ወይስ ጠፍጣፋ? ጠፍጣፋ ሆድ ጤነኛ ማለት አይደለም። መዘጋቱ ከላይ ሲሆን ሆዱ የሚነፋበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ መቀመጫው ነው፣ ብዙ ስሕተት የሚሠራውም እዚህ ነው። እግሮቹን አንሱ፣ መቀመጫውን በሁለት አውራ ጣት ከፈት አድርጉ፣ የተለጠፈውን ጥቁር ሰገራ በእርጥብ ጋውዝ ጥረጉና በብርሃን እዩ። የስልክ ባትሪ ይበቃል። “ሰገራ ወጥቷል፣ ስለዚህ ክፍት ነው” ማለት አይቻልም፤ ሰገራው የወጣው ከየት እንደሆነ ማየት አለባችሁ።

በሴት ልጅ ላይ ቀዳዳ ቁጠሩ፦ የሽንት፣ የብልት፣ የፊንጢጣ። ሦስት መሆን አለባቸው። ፊንጢጣ በቦታው ከሌለና ሰገራው ከብልቷ መግቢያ ጠርዝ ከመጣ፣ ይህ በሴቶች ላይ ከሚታዩት የፊንጢጣ አፈጣጠር ችግሮች በብዛት የሚያጋጥመው ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ካገኛችሁ ሽንት፣ ማህፀንና ሰገራ በአንድ መውጫ ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ ክሎዋካ ይሉታል። ከሁሉም ከባዱ ስለሆነ የሽንት ፊኛዋና ብልቷ ውሃ ቋጥረው እንዳበጡ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።

በወንድ ልጅ ላይ ከቆለጡ ከረጢት ሥር ጀምሮ ፊንጢጣው መሆን እስከነበረበት ቦታ ድረስ ያለውን መሐል መስመር ተከተሉ። ጥቁር ነጥብ ወይም ከቆዳው ሥር ጥቁር ክር የመሰለ መስመር ካለ አንጀቱ ለቆዳ ቅርብ ነው። ከሌለ ሽንቱ በሚወጣበት ጫፍ ላይ ንጹሕ ጋውዝ አስቀምጡ። በጋውዙ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ቅንጣት ከቀረ አንጀቱ ከሽንት መንገድ ጋር ተገናኝቷል። ሰገራው በጠባቧ መንገድ ተገፍቶ እስኪወጣ ጊዜ ስለሚወስድ ይህን ምርመራ እስከ 24 ሰዓት ደጋግሙት።

በሠራሁበት አንድ ቦታ የሦስት ወር ሕፃን “ድርቀት” ተብላ መጣች። የልደት ካርዷ ላይ ፊንጢጣ በሚለው ሣጥን ውስጥ የራይት ምልክት ተደርጓል። እናትየዋ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራ “ካካዋ የሚወጣው በማይሆን ቦታ ነው” ስትል ቆይታለች። ሦስት ወር ሙሉ ዳይፐሩን የፈታ ሰው አልነበረም።

ከውጭ ሲታይ ትክክል የሆነ ፊንጢጣም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሊዘጋ ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ለስላሳ ቀጭን ቱቦ ቅባት ቀብታችሁ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሞክሩ። ከቆመ አትግፉ።

ደረጃ 3፦ ቱቦውን አስገቡ

ምራቁ ለሚዝረከረክ፣ ሲጠባ ለሚታነቅና ለሚጠቁር፣ ወይም እናቱ የእንሽርት ውሃ በዝቶባት ለነበረ ሕፃን ሁሉ ይህ ደረጃ ግዴታ ነው።

ቁጥር 8 ወይም 10 የጨጓራ ቱቦ ውሰዱ። ቁጥር 5 እና 6 በጣም ለስላሳ ስለሆኑ በተዘጋው ከረጢት (በተቋረጠው የምግብ ቧንቧ የላይኛው ቁራጭ) ውስጥ ተጠቅልለው “ገባ” ያሰኛሉ። ከአፍንጫው እስከ ጆሮው ጫፍ፣ ከዚያም በደረት አጥንቱ ጫፍና በእምብርቱ መካከል እስካለው ነጥብ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። በአፉ በኩል ቀስ ብላችሁ አስገቡ። የምግብ ቧንቧው የተቋረጠ ከሆነ ቱቦው ከከንፈሩ 10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ሲቆም አቁሙ፤ በጉልበት የተገፋ ቱቦ ከረጢቱን ይበሳል።

አየር ነፍቶ በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ እዚህ ላይ ያሳስታል። በከረጢቱ ውስጥ የተነፋው አየር ድምፅ ሆዱ ላይ ጥርት ብሎ ሊሰማ ይችላል። ማረጋገጫው ቱቦው እንዳለ ደረትና ሆድን አንድ ላይ የሚያሳይ ኤክስሬይ ነው። ቱቦው ደረቱ ላይኛው ክፍል ላይ ተጠቅልሎ ከታየ ምርመራው አለቀ። ከዚያ ሆዱን ተመልከቱ። በሆዱ ውስጥ አየር ካለ የምግብ ቧንቧው የታችኛው ቁራጭ ከአየር ቧንቧው ጋር ተገናኝቷል፤ ከእነዚህ ሕፃናት 85 በመቶ ያህሉ እንዲህ ናቸው። ሆዱ ያለ ምንም አየር ነጭ ከሆነ ከታች በኩል ግንኙነት የለም፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀትም ብዙ ጊዜ ረጅም ነው።

ባሪየም (በኤክስሬይ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ፈሳሽ) በአፉ አታጠጡ። ወደ ሳንባው ከመግባት በቀር የሚጨምረው እውቀት የለም።

እዚህ ላይ ቤተሰቡን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለባችሁ፣ ያውም ሳትቆጡ፦ “እማማ፣ ለልጁ ያላሳችሁት ነገር አለ?” ቅቤ፣ ስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ። በብዙ ቤት አዲስ ሕፃን ቅቤ ይልሳል፣ አያትየዋም የምታደርገው በፍቅር ነው። መንገዱ ለተዘጋበት ሕፃን ግን ያ ቅቤ የሚሄደው ወደ ሳንባው ነው። በቁጣ ከጠየቃችሁ “ምንም” ትላችኋለች፣ እናንተም የሳንባ ምቹን ምክንያት ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

ደረጃ 4፦ ቀለሙን በዓይናችሁ እዩ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ደረጃ ብቻ ታስታውሱ ከተባለ ይህን እመርጣለሁ።

ሐሞት ወደ አንጀት የሚገባው ዱዎዲነም መሐል ላይ ነው። ከዚያ በላይ የተዘጋ ሕፃን ነጭ፣ የወተት ወይም የንፍጥ መልክ ያለው ያስመልሳል። ከዚያ በታች የተዘጋ አረንጓዴ ያስመልሳል። ስለዚህ ቀለሙ ካርታ ነው። አረንጓዴ ትውከት ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የቀዶ ሕክምና ድንገተኛ ነው፤ ሕፃኑ ቢስቅም፣ ሆዱ ለስላሳ ቢሆንም፣ ጥቁር ሰገራ ቢያወጣም።

ችግሩ ቀለም በቃል ሲተላለፍ ይለወጣል። በእኛ አነጋገር ሐሞት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቢጫና መራራ ነገር ነው፤ እናትየዋ “ቢጫ ነው” ትላለች፣ ነርሷ “ቢጫ ትውከት” ብላ ትጽፋለች፣ ሐኪሙ ደግሞ እንገር ነው ብሎ ያልፋል። አንድ ሌሊት “ቢጫ ነው ያለችው” የተባልኩላት እናት ነጠላዋን ዘርግታ እድፉን ስታሳየኝ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ቀለም በቃል አልጠይቅም። “እህቴ፣ ያስመለሰበትን ጨርቅ አሳዪኝ” እላለሁ። ጨርቁ ከታጠበ የጎመን ቅጠል፣ የቃሪያ፣ የእንቁላል አስኳል ቀለም እየጠቀሳችሁ አስመርጡ። ከአሁን በኋላ የሚያስመልሰውን ደግሞ ነጭ ጋውዝ ላይ ተቀበሉና አስቀምጡት። አይጣል።

ይህን ያህል የምጨቀጭቀው በአንድ ነገር ምክንያት ነው፤ የአንጀት መጠምዘዝ። ፅንሱ ስድስት ሳምንት ሲሆነው አንጀቱ ወደ እትብቱ ወጥቶ ያድጋል፤ በአሥረኛው ሳምንት ገደማ 270 ዲግሪ ዞሮ ወደ ሆድ ይመለስና ሰፊ ሥር ይዞ ከጀርባ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ዙረቱ ካልተጠናቀቀ ሥሩ ጠባብ ይሆናል። ያን ጊዜ መላው ትንሽ አንጀት በአንድ ክር ላይ እንደተንጠለጠለ ፍሬ ይዞርና የራሱን ደም ሥር ያንቃል። አንጀቱ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። አብዛኞቹ የሚታመሙት በመጀመሪያው ወር ነው፤ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከሆስፒታል የወጣ የአሥር ቀን ልጅ ድንገት አረንጓዴ ያስመልሳል። ሆዱ የሚነፋው፣ ሰገራው ደም የሚቀላቀልበት፣ ሰውነቱ የሚቀዘቅዘው ዘግይቶ ነው። እነዚያን ምልክቶች ከጠበቃችሁ የጠበቃችሁት የአንጀቱን ሞት ነው።

የደም ኢንፌክሽንም አረንጓዴ ሊያስመልስ ይችላል፣ እውነት ነው። አንቲባዮቲኩን ጀምሩ፤ ሪፈሩን ግን “አንቲባዮቲኩ ይሥራና እንይ” ብላችሁ አታዘግዩ።

ነጭ ትውከት ሁልጊዜ ቀላል ማለትም አይደለም። ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት፣ በተለይ በወንዶች ላይ፣ ከጠባ በኋላ ተፈናጥሮ የሚወጣ፣ ከዚያም ሕፃኑ ወዲያው የሚርበው ከሆነ የጨጓራው መውጫ ጡንቻ መወፈር ነው የሚጠረጠረው። በአልትራሳውንድ የጡንቻው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ይረጋገጣል። ይህ በኋላ የሚዳብር ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ተወልዷል ለማለት ያስቸግራል፣ ግን በተግባር ከእነሱ ጋር ይምታታል።

በነገራችን ላይ፣ የሚያስመልስ ሕፃን ሲመጣ ጉሮሮውን እዩ። እንጥሉ በቅርቡ ተቆርጦ ከሆነ ቤተሰቡ ለትውከቱ መድኃኒት ፍለጋ ስንት ቀን እንደዞረ ትረዳላችሁ፤ የደም መፍሰስና ኢንፌክሽንም አብራችሁ ትፈልጋላችሁ።

ደረጃ 5፦ ሰዓት ቁጠሩ

ጊዜውን ጠብቆ ከተወለደ ጤነኛ ሕፃን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ በ24 ሰዓት ውስጥ ያወጣል፤ በ48 ሰዓት ሁሉም ማለት ይቻላል። 24 ሰዓት ሲያልፍ ጥያቄ ይነሣ፣ 48 ሲያልፍ ሪፈር ይጻፍ። ሆዱ ከተነፋ ወይም ካስመለሰ ደግሞ 48ን አትጠብቁ። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከዚህ ሊዘገይ ይችላል።

እዚህ ላይ የእኛው አገር ወጥመድ አለ። አንዱ ተረኛ “3 ሰዓት” ብሎ በአበሻ ሰዓት ይጽፋል፣ ቀጣዩ በፈረንጅ ሰዓት ያነባል፤ ስድስት ሰዓት ይጠፋል ወይም ይጨመራል። የቀኑን ሰዓት ትታችሁ “ከተወለደ በ19ኛው ሰዓት” ብላችሁ ጻፉ።

የሰገራ መውጣት ሁሉንም ነገር አያስቀርም። ዱዎዲነም ወይም ላይኛው ትንሽ አንጀት የተዘጋበት ሕፃን ከመዘጋቱ በታች የተጠራቀመውን ሊያወጣ ይችላል። በተቃራኒው ሂርሽፕሩንግ ያለበት ሕፃን ሰገራው ይዘገያል፣ ሆዱ ይነፋል፣ በመጨረሻም አረንጓዴ ያስመልሳል። ዴንማርካዊው የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽፕሩንግ እ.ኤ.አ. በ1886 ዓ.ም. በርሊን ላይ ሲገልጸው ትልቁ አንጀት በጣም ሰፍቶ አይቶ ነበር፤ ታማሚው ግን የሰፋው ክፍል አይደለም። ከበታቹ ያለው፣ የነርቭ ሕዋስ ያልደረሰውና የማይላላው ጠባብ ክፍል ነው። ወንዶች ላይ አራት እጥፍ ገደማ ይበዛል። በጣት ስትመረምሩ ደንዳኔው (ከፊንጢጣው በላይ ያለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ጠበብ ብሎ ይይዛችኋል፤ ጣታችሁን ስታወጡ አየርና ሰገራ ተፈንድቶ ሊከተል ይችላል። ሆዱ በዚያ ይቀንሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ሕፃኑም ወደ ቤቱ ይላካል። አትላኩት። ትኩሳት፣ የተነፋ ሆድና የሚሸት ፈሳሽ ተቅማጥ ይዞ ከተመለሰ የአንጀት ብግነት ነው፤ ከዚህ በሽታ ሕፃናትን የሚገድለው በዋናነት እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ አንዲት ኤክስሬይ ካለቻችሁ

አየር ያለ ክፍያ የሚገኝ ኮንትራስት ነው፤ ማለትም የአንጀቱን መንገድ በፊልም ላይ አጉልቶ ያሳያል። ሕፃኑ እንደተወለደ ወዲያው ወደ ጨጓራ ይገባል፣ በጥቂት ሰዓታት ትንሹን አንጀት ይሞላል፣ በ24 ሰዓት ደንዳኔ ይደርሳል። ስለዚህ ፊልሙን ስታነሡ ሕፃኑ ስንት ሰዓት እንደሆነው ጻፉበት። በሁለተኛው ሰዓት የተነሣ ፊልም ታች አየር ባያሳይ አይደንቅም።

አንድ አረፋ ብቻ ከታየ መዘጋቱ በጨጓራው መውጫ ላይ ነው። ሁለት አረፋ፣ ከታች ምንም አየር ከሌለ፣ የዱዎዲነም መዘጋት ነው፤ ከእነዚህ ሕፃናት ሢሶ ያህሉ ዳውን ሲንድሮም ስላላቸው ፊቱን፣ መዳፉንና ልቡን ደግማችሁ እዩ። ሁለት አረፋ ሆኖ ከታች ጥቂት አየር ካለ ግን አትዘናጉ፤ መጠምዘዝ እንዲህ ሊታይ ስለሚችል ይኼኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ሦስት አራት አረፋ የላይኛው ትንሽ አንጀት መዘጋት ነው። ብዙ የተነፋ ቀለበት ታይቶ ደንዳኔ ውስጥ አየር ከሌለ መዘጋቱ ታች ነው። ታች መሆኑን እንጂ ትንሹ ይሁን ትልቁ አንጀት ከዚህ ፊልም መለየት አይቻልም፤ በጨቅላ ላይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። በሆዱ ውስጥ የኖራ ነጠብጣብ ካያችሁ አንጀቱ ገና በማህፀን ሳለ ተበስቷል።

ቱቦው ጨጓራውን ባዶ አድርጎት ከሆነ አረፋዎቹ ይጠፋሉ። ፊልሙ ከመነሣቱ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር አየር በቱቦው ስጡ። የተበሳ አንጀት ከጠረጠራችሁ ሕፃኑን በግራ ጎኑ አስተኝታችሁ ጨረሩ አግድም እንዲያልፍ አድርጉ፤ የወጣው አየር ከጉበቱ ላይ ይታያል።

ፊንጢጣ ለሌለው ሕፃን ፊልሙ የሚነሣው ከ20 እስከ 24 ሰዓት ሲሞላው ነው። በሆዱ ተኝቶ ዳሌው በተጠቀለለ ጨርቅ ከፍ ይላል፣ ፊንጢጣው መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ብረት ይለጠፋል፣ ጨረሩ ከጎን ያልፋል። በአየሩ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አንጀቱ ለቆዳ ቅርብ ነው። ሕፃኑን ዘቅዝቆ ማንሣት የድሮ ዘዴ ነው፣ ሕፃኑንም ያስጨንቃል፤ ተዉት።

ጤነኛ የሚመስል ፊልም አረንጓዴ ትውከትን አያስተባብልም። የአንጀት አዟዟር ችግር ያለበት ሕፃን ኤክስሬይ ፍጹም ልክ ሊመስል ይችላል።

ደረጃ 7፦ ትልቁ ሆስፒታል ምን ይሠራል?

ይህን የምጽፈው ለቤተሰቡ እንድታስረዱ ነው። መጠምዘዝ ሲጠረጠር ኮንትራስት በአፍ ወይም በቱቦ ይሰጥና ዱዎዲነም የሚያልቅበት ነጥብ ይፈለጋል፤ ከአከርካሪው በስተግራና በጨጓራው መውጫ ከፍታ ላይ መሆን አለበት። በቀኝ ከቀረ ወይም እንደ ቡሽ መንቀያ ተጠምዞ ከወረደ ሕፃኑ ወደ ቀዶ ክፍል ይገባል። ልምድ ያለው ሰው በአልትራሳውንድ የደም ሥሮቹን አዙሪት ማየት ይችላል። ሕፃኑ እየደከመ ከሆነ ግን ምስል ሳይጠበቅ ሆዱ ይከፈታል።

መዘጋቱ ከታች ሲሆን ኮንትራስቱ በፊንጢጣ ይገባል። እንደ ክር የቀጠነ ትልቅ አንጀት ከታየ ከላይ ምንም አልወረደለትም፣ ማለትም ታችኛው ትንሽ አንጀት ተዘግቷል። ጠባብ ደንዳኔ ወደ ሰፊ አንጀት ሲሻገር ከታየ ሂርሽፕሩንግ ነው፤ ደንዳኔው ከበላዩ ካለው አንጀት መስፋት ሲገባው ጠቦ ይገኛል። ለዚህ ምርመራ የሚሄድ ሕፃን ቀደም ብሎ ባይታጠብ ይመረጣል፤ መታጠብ የመሻገሪያውን ቦታ ያጠፋዋል። ብግነት ያለበት ሕፃን ደግሞ ይህ ምርመራ አይሠራለትም፤ ሞቅ ባለ ሳላይን ደጋግሞ መታጠብ ነው የሚያስፈልገው። የመጨረሻው ቃል የናሙናው ነው። ከደንዳኔው የምትወሰድ ትንሽ ቁራጭ ውስጥ የነርቭ ሕዋስ መኖር አለመኖሩ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ናሙናው ለፊንጢጣው ጠርዝ በጣም ከቀረበ በጤነኛ ሰውም ላይ ሕዋሱ ስለሚሳሳ ያሳስታል፤ በጣም ትንሽ ከሆነም መልስ አይሰጥም። “ድጋሚ ይወሰድ” ሲባል ቤተሰቡ እንዳይደነግጥ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ከእነዚህም ይልቅ ብርቅ የሆኑት

የምግብ ቧንቧው ሳይቋረጥ ከአየር ቧንቧው ጋር በቀጭን ቀዳዳ ብቻ የሚገናኝበት ዓይነት አለ። ቱቦው ጨጓራ ይደርሳል፣ ኤክስሬዩ ልክ ነው። ሕፃኑ ግን በጠባ ቁጥር ያስላል፣ ሆዱ በአየር ይነፋል፣ የሳንባ ምች እየተመላለሰ ይይዘዋል። ወራት አንዳንዴም ዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል። ፍንጩ ቀላል ነው፤ በቱቦ ሲመገብ ሳሉ ይጠፋል፣ በአፉ ሲመገብ ይመለሳል። ይህን ካያችሁ በሆዱ ተኝቶ ቱቦው እየተጎተተ የሚሠራ የኮንትራስት ምርመራና የአየር ቧንቧ ኢንዶስኮፒ ወደሚሠራበት ላኩት። ሦስተኛ የሳንባ ምች ይዞ የመጣን ሕፃን አንቲባዮቲክ ቀይሮ ከመሸኘት በፊት እናቱ ስታጠባው አጠገቧ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ይጠቅማል።

የአንጀት ድርብነት ከአንጀቱ ጎን የተለጠፈ ከረጢት ነው። በሆድ ላይ የሚዳሰስ እብጠት፣ መዘጋት ወይም ደም ሊያመጣ ይችላል፤ በአልትራሳውንድ ግድግዳው እንደ አንጀት ሁለት ድርብርብ ሆኖ መታየቱ ይለየዋል። የጨጓራ መውጫ ጨርሶ መዘጋት ደግሞ እጅግ ብርቅ ነው፤ ቆዳው በትንሽ ንክኪ ከሚላጥና ውሃ ከሚቋጥር ሕመም ጋር አብሮ ሊመጣ ስለሚችል ፕላስተር ከመለጠፋችሁ በፊት ቆዳውን እዩ።

ደረጃ 8፦ አንድ ካገኛችሁ ሌላ ፈልጉ

የምግብ ቧንቧ፣ የፊንጢጣ፣ የአከርካሪ፣ የልብ፣ የኩላሊትና የእጅ አጥንት ችግሮች አብረው መወለድ ይወዳሉ። ፊንጢጣ የሌለውን ሕፃን ያለ ቱቦ ምርመራ አትላኩ፤ ቱቦ ያልገባለትንም መቀመጫውን ሳታዩ አትላኩ። አውራ ጣቶቹን ቁጠሩ፣ ልቡን አዳምጡ፣ ሽንት መሽናቱን ጻፉ። የልብ አልትራሳውንድ፣ የኩላሊትና የአከርካሪ ምርመራው በተቀባዩ ሆስፒታል ይሠራል።

ደረጃ 9፦ ጉዞው

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳም ሆነ በክልል ያለ የማስተማሪያ ሆስፒታል ይሁን፣ መንገዱ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሕፃን የሚጎዳውም በመንገድ ላይ በብርድና በስኳር ማነስ ነው።

በአፉ ምንም አይሰጠው። የጨጓራ ቱቦው ይግባና ጫፉ ክፍት ሆኖ ከረጢት ወይም ጓንት ውስጥ ይፍሰስ፤ የታሰረ ቱቦ እንደሌለ ቁጠሩት። በመጀመሪያው ቀን 10 በመቶ ዴክስትሮዝ በኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ለ24 ሰዓት ይሰላል። በቱቦው የወጣውን ያህል ኖርማል ሳላይን ይተካ። ቫይታሚን ኬ 1 ሚሊ ግራም መወጋቱን አረጋግጡ፣ የአገሪቱ መመሪያ የሚያዝዘውን አንቲባዮቲክ ጀምሩ፣ ከመነሣቱ በፊትም ስኳሩን ለኩ። ኢንኩቤተር ከሌለ እናቱ ቆዳ ለቆዳ ትታቀፈው። እናትየዋ ሳትሄድ ሕፃኑ ብቻውን አይሂድ፤ ፈቃዱንም ወተቱንም የምትሰጠው እሷ ናት።

የምግብ ቧንቧው ለተቋረጠበት ሕፃን ጥቂት የተለየ ነገር አለ። ጀርባው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይበል፤ የጨጓራው አሲድ በታችኛው ቀዳዳ ወደ ሳንባው እንዳይወጣ ነው። ምራቁ በየ10 እና 15 ደቂቃው ይመጠጥ፤ አምቡላንሱ ውስጥ ይህን የሚሠራ ሰው በስም ይመደብ። በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ማናፋት ካልተገደዳችሁ በቀር አታናፉ፤ አየሩ በቀዳዳው ወደ ጨጓራ ይገባና ሆዱን ይነፋዋል።

የሪፈር ወረቀቱ ላይ “የአንጀት መዘጋት” ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የተወለደበትን ሰዓትና አሁን ስንተኛ ሰዓቱ እንደሆነ፣ ክብደቱን፣ ሰገራ ያወጣበትን ሰዓትና ከየት እንደወጣ፣ ቱቦው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደቆመ፣ በቱቦው ምን ያህልና ምን ዓይነት ፈሳሽ እንደወጣ፣ የመጨረሻውን ሽንት ጻፉ። አምቡላንሱ ሳይነሣ ደውላችሁ የተቀበለውን ሐኪም ስም መዝግቡ። የኤክስሬዩ ፊልም ከሕፃኑ ጋር ይሂድ፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ብቻውን አይበቃም።

አረንጓዴ የነካውን ጋውዝ ወይም ጨርቅ ደግሞ በፌስታል ቋጥራችሁ በእናትየዋ እጅ ላኩት። እዚያ ደርሳ ቀለሙን ስትጠየቅ ፌስታሉን ትፍታላቸው።